ጭሱ በየት ይውጣ? ውሃውስ በየት ይፍሰስ?



ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲጠነክር በየሰፈሩ የመዶሻ ድምፅ መሰማት ይጀምራል። ቤት የሚያድስ ሰው ጊዜው ይህ ነው። አንዱ ኮርኒስ ይለውጣል፤ ሌላው ግድግዳ ያስለስናል፤ አቅም ያገኘ ደግሞ «ማድ ቤቱንና መታጠቢያውን ወደ ውስጥ ላስገባ» ይላል። በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ጉዳይ ይሆናል። የምናነሳው ግን አዲስ ቪላ አይደለም። ብዙዎቻችን ተወልደን ያደግንባቸውን፣ ከአባት ወይም ከአያት የወረስናቸውን፣ ግድግዳቸው ጭቃ ክዳናቸው ቆርቆሮ የሆኑ አሮጌ ቤቶች ነው።

ቤት ማሳደስ ሲነሳ ሐሳባችን በቀጥታ ወደ ሳሎን ይሮጣል። የጂፕሰም ኮርኒስ፣ አዲስ መጋረጃ፣ ግድግዳ ሙሉ ቁም ሣጥን፣ የሚያብረቀርቅ ወለል ይታየናል። እንግዳን ማክበር ከዲናችን መሆኑ አይካድም። ነገር ግን እንግዳው ሁለት ሰዓት ተቀምጦ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ዱዓ አድርጎ ይሄዳል። የቤቲቱ እመቤት ግን አብዛኛውን ቀን የምታሳልፈው የት ነው? ጥላሸት በለበሰችው ማድ ቤት ውስጥ ነው። አያት ለሱብሒ ሲነሱ በየት ነው የሚያልፉት? በጨለማ፣ በሚያዳልጥ ግቢ ነው። ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚከፍለው ወንዱ፣ ግንበኛውን የሚያነጋግረው ወንዱ፣ ቀለሙን የሚመርጠው ወንዱ ይሆንና ጭሱን የምትስበው ሴቲቱ ትሆናለች። ስለዚህ ግንበኛ ከመጠራቱ በፊት ሚስት፣ እናትና ሴት ልጆች በዚህ ቤት ውስጥ የሚያደክማቸው ምን እንደሆነ ይጠየቁ። ውሃ ስንት ጊዜ ተሸክመው ይመላለሳሉ? ድስቱ ሲወርድ የት ይቀመጣል? እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሕፃኑ የት ይተኛል? መልሳቸው ከማንኛውም ባለሙያ ፕላን ይበልጣል።

አባቶቻችን ማድ ቤቱን ከዋናው ቤት ለይተው በጓሮ፣ ሽንት ቤቱንም በአጥሩ ጥግ የሠሩት እንዲያው በልማድ ብቻ አልነበረም። እሳት ከክዳን፣ ጭስ ከመኝታ፣ ውሃም ከጭቃ ግድግዳ እንዲርቅ ነው። ይህን በግልጽ ማየት የሚሻ ሰው ሐረር ጀጎልን ይጎብኝ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. (በ2006 እ.ኤ.አ.) ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ከ82 መስጊዶቿ ጋር ልዩ ትኩረት የሰጠው ለመኖሪያ ቤቶቿ የውስጥ አሠራር ነበር። በሐረሪ ቤት ውስጥ ሰው የሚቀመጠው ደረጃ በደረጃ ከፍ ከፍ ባሉ ነደባዎች ላይ ነው። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ ተገንብቶ በኖራ ይነጣል። ዕቃው የሚደረደረው ግድግዳው ውስጥ ገባ ብለው በተሠሩ መስኮት መሰል መደርደሪያዎች ነው። የማብሰያውና የሌላው አገልግሎት ክፍል ግን በግቢው ውስጥ ለብቻው ነው። ያ ሳሎን ለብዙ ዘመን አምሮ የኖረው ጭስና ውሃ ስላልገቡበት ጭምር ነው።

ዛሬ ግቢው ጠቧል፤ ቤተሰቡ በዝቷል፤ አዛውንቱም በሌሊት ወደ ጓሮ መውጣት ከብዷቸዋል። ስለዚህ ማድ ቤትንና መታጠቢያን ማስጠጋት ተገቢ ነው እላለሁ። ችግሩ የሚመጣው ምድጃውን አስገብተን ለጭሱ መውጫ፣ ቧንቧውን አስገብተን ለፍሳሹ መሄጃ ሳናዘጋጅ ስንቀር ነው። በመድረሳ ፊቅህ ስንቀራ ኪታቡ የሚጀምረው በጠሃራ፣ ጠሃራውም የሚጀምረው በውሃ ነው። ቤት ስናድስ ግን ውሃን የምናስታውሰው ሴራሚኩ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ነው!

እንግዲህ በቅድሚያ የያዝነውን ቤት እንወቀው። ጭቃ ቤት ማለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ፣ በማገር ታስሮ፣ በጭድ በቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። የቋሚው እግር መሬት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። ዕድሜ የሚያገኘውም በዚሁ ነው። ዛሬ ግን ጥቂት ገንዘብ ያገኘ ሰው ሁሉ በጭቃው ላይ የዶሮ ሽቦ ቸንክሮ በሲሚንቶ ያስለስናል። ለአንድ ሁለት ዓመት ያምራል። ሲሚንቶ ደረቅ ነገር ነው፤ ጭቃውና እንጨቱ ግን በክረምት ያብጣሉ፣ በበጋ ይሸሻሉ። ስለዚህ ልስኑ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፤ የገባው ውሃም በሲሚንቶው ታፍኖ መውጫ ያጣል። ከውጭ የሚያምር ግድግዳ ይታያል፤ ከውስጥ ግን ቋሚው ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይወርሰዋል። ልስኑ አንድ ቀን እንደ እንቁላል ቅርፊት ተላቅቆ ሲወድቅ ባለቤቱ «ግንበኛው ሲሚንቶ ሰርቆኝ ነው» ብሎ ያማዋል።

ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው እንደ ራሱ ያለ ነገር ነው። የተሰነጠቀው በደንብ በቦካ የጤፍ ጭድ ጭቃ ይመረግ፤ በሚገባ ሲደርቅ በኖራ ይቀባ። ከምርጊቱም በፊት የቋሚዎቹን እግር መመርመር ያስፈልጋል። ወፍራም ምስማር ወይም ጠመንጃ መፍቻ ይዛችሁ ከመሬት አጠገብ ውጉት። በቀላሉ ከሰረገ በስብሷልና በቀለም አትሸፍኑት፤ አናጢ አስጠርታችሁ ጣሪያውን በድጋፍ አስይዛችሁ ይለወጥ። ቀጥሎ ዝናቡን ከግድግዳው አርቁት። የቆርቆሮው ክፈፍ አጭር ከሆነ ይረዝም፤ አሸንዳ ይደረግለት፤ በቤቱ ዙሪያ ደግሞ ወደ ውጭ ያዘነበለ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ መረገጫ ይሠራ። ሲሚንቶ ቦታው እዚህ ነው። ይህ ሥራ ለዓይን ምንም አያምርም፤ እንግዳም አያደንቀውም። እኔ ግን ገንዘብ ያለው ሰው ከጂፕሰሙ በፊት አሸንዳውን ያስቀድም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤት እንሂድ። ከመኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ትንሽ ክፍል ከፍሎ፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ለጥፎ፣ ቧንቧውን በዚያው ውስጥ ቀብሮ ሻወር ማድረግ በየቦታው የሚታይ ነገር ሆኗል። ሴራሚኩ ራሱ ውሃ አያስገባም፤ በመጋጠሚያው በኩል ግን ጥቂት በጥቂት ይሰርጋል። የቧንቧ መገጣጠሚያ ካፈሰሰም ማንም ሳያየው ግድግዳው እንደገና ጭቃ ይሆናል። የሚሻለው ከቤቱ ጀርባ የራሱ መሠረት ያለው የብሎኬት ቅጥያ ሠርቶ፣ ከአሮጌው ግድግዳ በር ብቻ መክፈት ነው። ቅጥያው የራሱን ክብደት ራሱ ይሸከማል፤ ቧንቧውም በብሎኬቱ በኩል ይሄዳል። የሁለቱ ክዳን በሚገናኝበት ቦታ የታጠፈ ቆርቆሮ ይደረግ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ዝናብ የሚገባው በዚያ ነው።

ወለሉ ወደ ፍሳሹ ጉድጓድ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል አለበት። ከመኝታ ቤቱም ዝቅ ይበል። ሴራሚክ ለጣፊው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ድፉና ወዴት እንደሚሄድ ቆማችሁ ተመልከቱ። ከዚያ ፍሳሹን በጨርቅ ደፍናችሁ ወለሉ ላይ ጥቂት ውሃ አቁሙና አሳድሩት። በነጋታው ውሃው ከቀነሰ ወይም ከውጭ በኩል እርጥበት ከታየ ገና የሚስተካከል ነገር አለ ማለት ነው። ቧንቧዎቹም በልስን ከመሸፈናቸው በፊት ውሃ ተሞልተው ይፈተኑ። ባለሙያው «እኔን አታምነኝም ወይ?» ቢላችሁ አትፈሩ፤ ጥሩ ባለሙያ ራሱ ይህን ያደርጋል። በየፍሳሹ ሲፎን ይኑር፤ በታጠፈው ክፍል ውስጥ የሚቆየው ውሃ ነው ሽታውን ከጉድጓዱ የሚያግደው። ለወለል ደግሞ ሸካራ ሴራሚክ ምረጡ። የሚያብረቀርቀው ለግድግዳ ይሁን፤ እግራቸው ረጥቦ ከዉዱእ የሚመለሱ ሽማግሌን ይጥላል።

መቀመጫው ወዴት ይዙር የሚለውን ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ነው። ለመጸዳዳት ሲቀመጡ ቂብላን ከፊት ወይም ከኋላ ስለ ማድረግ፣ በግድግዳ በታጠረ ቤት ውስጥ ሲሆን ዑለሞች የተለያየ አስተያየት አላቸው። በተሠራ ቤት ያለ ሰው በዚያ ይጠቀም ይሆናል፤ ከአዲስ ለሚሠራ ግን ማዞሩ አንድ ሳንቲም አያስወጣምና ከኺላፉ መውጣቱ የተሻለ ነው። በአገራችን ነገሩ ቀላል ነው። መካ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ሰሜን ለማለት ይቻላል፤ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች። ከሐረር ደግሞ ትንሽ ወደ ምዕራብ ታዘነብላለች። ስለዚህ መቀመጫው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከሆነ ይበቃል። መካ ለመዲና ሰዎች ወደ ደቡብ፣ ለእኛ ወደ ሰሜን በመሆኗ ለእነርሱም ለእኛም ምሥራቅና ምዕራብ የጎን አቅጣጫ ሆነው ይገናኛሉ።

የዉዱእ ውሃ የራሱ ጉዳይ አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እጅ ተገጥሞ በሚይዘው ያህል ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተላልፏል። ወጣቶች ሆይ፣ እስቲ የዉዱእ ቧንቧችሁን እንደ ልማዳችሁ ከፍታችሁ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጡና ስንት ሙድ እንደሚሞላ ራሳችሁ ስፈሩ። ይህ ሁሉ ውሃ ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከገባ ጉድጓዱ ያለ ጊዜው ይሞላል፤ ማስመጠጫው ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የዉዱእና የፊት መታጠቢያ ውሃ በሌላ ቱቦ ወደ ጓሮ አትክልት ይሂድ። ሙዝ ካላችሁ ሙዙ ይጠጣዋል። ለአዛውንት ደግሞ ቧንቧው ዝቅ ብሎ ከፊቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው መቀመጫ ቢሠራ እግር ለማጠብ በአንድ እግር መቆም ይቀራል።

የጉድጓድ ሽንት ቤቱን መለወጥ ለማይችል ቤተሰብም መፍትሔ አለ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዚምባብዌ ውስጥ የተፈለሰፈ ቀላል ዘዴ ነው። ከጉድጓዱ ተነስቶ ከክዳኑ በላይ ግማሽ ሜትር የሚያልፍ ወፍራም ቱቦ ይተከላል፤ ጫፉ በዝንብ መከላከያ ወንፊት ይሸፈናል። ነፋስ በቱቦው ጫፍ ሲያልፍ የጉድጓዱን አየር ወደ ላይ ይስባል፤ ሽታውም ከቤቱ ይልቅ በቱቦው ይወጣል። ክፍሉ ጨለም ያለ ከሆነ ዝንቦቹ በቱቦው ጫፍ የሚታየውን ብርሃን ተከትለው ወጥተው በወንፊቱ ይያዛሉ። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ሽንት ቤቱ ከውሃው ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከተቻለም በዝቅተኛው በኩል ይሁን። የጎረቤትም ጉድጓድ በዚህ ይቆጠራል።

ወደ ማድ ቤቱ ስንመጣ ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2020 (እ.ኤ.አ.) በቤት ውስጥ የምግብ ማብሰያ ጭስ ሳቢያ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር። ሕፃን በጀርባዋ አዝላ እንጀራ የምትጋግር እናት ሁለት ሳንባ ነው ጭስ የምታስገባው። «እናቶቻችን በዚሁ ኖረው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ስንቶቹ ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ደረታቸው እየከረከረ እንደኖሩ እንጠይቃቸው።

ማድ ቤት ሁለት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ አንድ ዝቅ ያለ ንጹሕ አየር የሚያስገባ፣ አንድ ከፍ ያለ ትኩስ ጭስ የሚያስወጣ። መስኮት ብቻውን አይበቃም፤ ጭስ ወደ ላይ ነውና የሚሄደው፣ ከጣሪያው ሥር ክፍተት ወይም ጭስ ማውጫ ይኑር። በእንጨት የምትጋግሩ ከሆነ «ምርጥ» የሚባለው የተሸፈነ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እንጨት በእጅጉ ይቆጥባል። ከሰልማ ጭሱ ስለማይታይ ብዙ ሰው ይዘናጋበታል። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የከሰል ምድጃ ለሙቀት ብሎ በተዘጋ መኝታ ቤት ማሳደር ሰው እንደተኛ ያስቀራል። ሲሊንደር ጋዝ ለምትጠቀሙ ደግሞ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ ስለዚህ ከታች በኩል ወደ ውጭ የሚወጣ ቀዳዳ ግድ ነው።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱን ይገላግላል፤ ነገር ግን አሮጌው ገመድ አይችለውም። አንድ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። ፊዚክስ የተማረ ልጅ በቤቱ ካለ ያስላው፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፒር ይመጣል። ለአንድ አምፖል ተብሎ ከዓመታት በፊት የተዘረጋ ቀጭን ገመድ በዚህ ይግላል፤ ገመዱም የሚያልፈው በደረቅ እንጨትና በኮርኒስ ጨርቅ መካከል ነው። ስለዚህ ለምጣዱ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ከራሱ ብሬከር ጋር ይዘርጋ። የሻወር ማሞቂያም እንዲሁ ነው፤ የመሬት መስመር የሌለው ማሞቂያ ሥር ራቁትን መቆም ድፍረት ነው። ይህን ሥራ ለሠፈር ልጅ ለሙከራ አትስጡ።

ስለ ቀለም አንዲት ነገር ብቻ ልበል። በር ላይና መስኮት ላይ ያለው የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ልጆች ባሉበት በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፤ አቧራው ይጎዳቸዋል። በውሃ እያረጠባችሁ ፋቁት።

ከግድግዳውም ከቧንቧውም ይልቅ ቤተሰብ የሚያፈርሰው ግን ሌላ ነው። አባት ይሞታሉ፤ ሚራስ ሳይከፈል ዓመታት ያልፋሉ። በቤቱ የቀረው ወንድም እናቱ እንዳይቸገሩ ብሎ መታጠቢያ ይሠራል፤ ማድ ቤት ያድሳል። በውጭ አገር ያለችው እህት ደግሞ ገንዘብ ትልካለች። ከጊዜ በኋላ ቤቱ ይሸጥ ሲባል አንዱ «ያሳደስኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ ሌላዋ «የላክሁት እኔ ነኝ» ትላለች፤ ሦስተኛው «ማን አድስ አለህ?» ይላል። ሁሉም እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ምንም የተጻፈ የለም። የወረሱት ቤት የሚታደስ ከሆነ አስቀድሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ይታወቅ፤ እናትም ባለ ድርሻ መሆናቸው አይረሳ። ከዚያ የሚወጣው ገንዘብ ብድር ነው፣ ስጦታ ነው፣ ወይስ ከድርሻ ላይ የሚታሰብ? ይህ በወረቀት ሰፍሮ ምስክር ይፈርምበት። ቁርኣን ስለ ዕዳ አጻጻፍ በሱረቱል በቀራ ያን ያህል ረጅም አንቀጽ የያዘው ለሚተዋወቁ ሰዎችም ጭምር ነው። «ወንድሜን እንዴት በወረቀት አስፈርመዋለሁ?» የሚል ሰው ካለ፣ ወንድሙን በፍርድ ቤት ከማግኘት ይሻለዋል እላለሁ።

በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 መንግሥት በወረሳቸው የቀበሌ ቤቶች የሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳይ ደግሞ ይለያል። ቤቱ የእነርሱ ስላልሆነ ግድግዳ ከማፍረሳቸው፣ ቅጥያም ከመሥራታቸው በፊት ወረዳውን በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ለእነዚህ ቤተሰቦች ሲነሱ ይዘውት የሚሄዱት ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት ይበጃል፤ የተሻለ ምድጃ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ተነቃቃይ መደርደሪያ። የጋራ ሽንት ቤት ካላቸውም የጭስ ማውጫ የመሰለውን ያን ቱቦ አራት አምስት ቤተሰብ አዋጥቶ ቢተክል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብዙ አይሆንም።

ጎረቤትን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማነጋገር ያስፈልጋል። አሸንዳችሁ የሚተፋው ውሃ በማን ግድግዳ ሥር ይወርዳል? የእርሱም ቤት እንደ እናንተው ጭቃ ነው። የማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ በማን መኝታ ቤት መስኮት ፊት ይቆማል? አዲሱ የመታጠቢያ መስኮት የጎረቤትን ግቢ የሚያይ ከሆነ ከዓይን በላይ ከፍ ይበል። እነዚህን ከግንበኛው ጋር ሆናችሁ፣ ጎረቤቱንም ጠርታችሁ፣ አንድ ቀን በቦታው ቆማችሁ ተመልከቱ። የውሃው መሄጃ በኖራ መሬት ላይ ይሠመር። አለቃው ቆፋሪውን የሚያሰማራው ከዚያ በኋላ ይሁን።